ማን ነገራቸው?

ረቡዕ ከሰዓት በ«አይዞሽ» የሴቶች ማኅበር ቤት ውስጥ የተነገረ ነገር ከበሩ አይወጣም። ሌላ ሕግ አልነበራቸውም። አዲስ ሴት በመጣች ቁጥር ጣቢታ ይህንኑ ነግራት፣ ወንበር ስባላት፣ ዝም ትላለች። ሴትዮዋ በዚያ ቀን ባትናገርም ግድ የለም፤ አንድ ረቡዕ ትናገራለች።

ጣቢታ የአእምሮ ጤና ነርስ ናት። ከሆሳዕና ወደ ሰበታ የመጣችው ፋብሪካ ተቀጥራ ሳለ የታመመችባትን ታናሽ እህቷን ልታስታምም ነበር። እህቷ ድና አገሯ ተመለሰች፤ ጣቢታ ግን ቀረች። በፋብሪካዎቹ ዙሪያ በተከራዩአቸው ጠባብ ክፍሎች ውስጥ እንደ እህቷ ግድግዳ ሲያዩ የሚውሉ ብዙ ሴቶች አይታ ትታቸው መሄድ አልሆነላትም። ጠዋት ጠዋት አንድ የግል ክሊኒክ ትሠራለች። የቀረውን ጊዜዋን ለ«አይዞሽ» ሰጠች።

ማኅበሩን አብራት የጀመረችው ማሪቱ ናት። ማሪቱ የጎጃም ሰው ስትሆን ዋናው መንገድ ዳር የጽሕፈት መሣሪያ ሱቅ ነበራት፤ ባሏ ተሾመ ማዘጋጃ ቤት ይሠራል። ሁለቱ ከኦቦ ጎበና ግቢ አንድ ሰፊ የጭቃ ቤት ተከራዩ። ረቡዕ ሴቶቹ ይመጣሉ፤ ልጅ የሞተባት፣ እንቅልፍ እምቢ ያላት፣ ከወለደች ወዲህ ሕፃኗን ማቀፍ የፈራች። ቅዳሜ ሴቶች ልጆች ይመጡና ማሪቱ ሒሳብ ታስጠናቸዋለች። ሰፈር ውስጥ አልጋ የያዘ ሰው ካለ ተራ ገብተው ያጥቡታል፣ ያበሉታል፣ ሲብስበትም ተሸክመው ሐኪም ቤት ያደርሱታል።

በ2009 ጥቅምት ሲገባ ግን ረቡዕም ቅዳሜም ሌላ መልክ ያዘ። አዲስ አበባን ወደ ዙሪያዋ የኦሮሚያ መሬት ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ቀርቷል ከተባለ ወራት አልፈው ነበር፤ ቁጣው ግን አልቀረም። ቢሾፍቱ ላይ በኢሬቻ በዓል ብዙ ሰው ካለቀበት ሐዘን በኋላ ባለው ሳምንት መንገዱ በድንጋይ ተዘጋ፣ ተኩስ ተሰማ፣ ፋብሪካዎች ነደዱ። የተቃጠለው ጨርቅና ላስቲክ ሽታ ልብስ ውስጥ ገብቶ በአጠባ አልለቅ አለ። ከዚያ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። ኢንተርኔት ጠፋ። ወታደር የጫኑ መኪኖች በየሰፈሩ እየዞሩ ወጣት ወንድ ማፈስ ጀመሩ።

በዚያ ሳምንት ረቡዕ የመጡት ሴቶች ጥቂት ነበሩ። ደጊቱ መጣች። ባለቤቷ ከሞተ ቆይቷል፤ የጤፍ ማሳዋ ተወስዶ ዛሬ ፋብሪካ ቆሞበታል፤ ያላት ኢቲቻ የሚባለው ወንድ ልጇና የስምንተኛ ክፍል ተማሪዋ ሌሊሴ ናቸው። ሁልጊዜ በር አጠገብ ነበር የምትቀመጠው። በዚያን ቀን ግን ወደ ውስጥ ገብታ ግድግዳውን ተደገፈች።

«ትናንት ቤቴ መጥተው ነበር» አለች ድምጿን ዝቅ አድርጋ። «አልጋውን ገለበጡት፣ ጎተራውን በሳንጃ ወጉት። እኔ ኢቲቻ ጎተራው ውስጥ ያለ መሰለኝ። እንደሌለ እያወቅኩ ደም እስኪፈስ ጠበቅኩ።»

ጣቢታ እጇን ያዘችላት።

«እርስዎ እንደሌለ ያውቁ ነበር?» አለቻት።

«ገጠር፣ ተጂ ነው ያለው። ወንድሜ ጋ ልኬዋለሁ።» ደጊቱ ይህን ብላ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ያ ዋቃ፣ አምላኬ፣ ምን አወራለሁ!»

«እዚህ ነው ያወሩት፣ አዴ ደጊቱ። እዚሁ ይቀራል» አለቻት ጣቢታ።

ማሪቱ ከጎኗ ተቀምጣ ነበር። ተንጠራርታ የደጊቱን ትከሻ እቅፍ አደረገቻት። ይህን ሁሉም ሴቶች አዩ። በኋላም ሁሉም አስታወሱት፤ እያንዳንዷ ግን በራሷ አተረጓጎም ነበር።

አርብ ረፋዱ ላይ የደጊቱ ወንድም ከተጂ ደወለ። ኢቲቻ ጠዋት ከቤት እንደወጣ አልተመለሰም። ወታደሮች መኪና ላይ ሲጭኑት ያዩ ሰዎች አሉ።

ደጊቱ አላለቀሰችም። አንድ ጥያቄ ብቻ ነበራት፤ ጎረቤቷን ጠየቀች፣ ጎረቤቷም ሌላዋን፣ እስከ ማታ ጥያቄው ሰፈሩን አዳረሰ። ማን ነገራቸው? ቤቱ ውስጥ ስለ ተጂ የሰሙት በጣት የሚቆጠሩ ሴቶች ናቸው። ከእነሱ ውስጥ ባሏ የመንግሥት ሠራተኛ የሆነች፣ ያውም ከሰሜን የመጣች፣ አንዲት ብቻ ናት።

ቅዳሜ ልጆቹ አልመጡም። ማሪቱ ጠመኔዋን ይዛ ባዶ ወንበሮች ፊት ቆማ ቆየች። ሰኞ ወፍጮ ቤት ሄዳ «እንደምን አደራችሁ» ስትል የመለሰላት ሰው አልነበረም። ማክሰኞ ሱቋን ልትከፍት ስትደርስ በሩ ላይ በከሰል «ጆሮ ጠቢ» ተብሎ ተጽፎ አገኘች። በቀሚሷ ጫፍ ልታጠፋው ብትሞክር ጥቁረቱ ሰፋ እንጂ አልጠፋም።

ወደ ጣቢታ የመጣችው በጓሮ በኩል ነበር።

«አንቺም ታምኛለሽ?» አለቻት፣ ሳትቀመጥ።

«አላምንም።»

«እንዴት? በምን አወቅሽ?»

ጣቢታ አላመነችም፤ ግን በምን እንዳወቀች ለራሷም መናገር አልቻለችም። ማሪቱ ፊቷን አይታ አንገቷን ነቀነቀች።

«ተሾመንም ቢሮው ውስጥ፣ እዚህ እኔን እንደሚያዩኝ ያዩታል። ‹ሚስትህ ከእነማን ጋር ነው የምትሰበሰበው› ይሉታል። እዚህ ደግሞ ለእነሱ ትነግሪያለሽ እባላለሁ። ሌሊቱን ድንጋይ ቆርቆሮው ላይ ሲያርፍ ልጆቼ አልጋ ስር ገብተው አደሩ። የት ልግባ ጣቢታ?»

በማግስቱ ደጊቱ ሌሊሴን ይዛ ክሊኒኩ መጣች። ልጅቷ ምግብ ካቆመች ቀናት አልፈዋል። ትምህርት ቤትም አትሄድም፤ በር በተንኳኳ ቁጥር ቁም ሳጥኑ ጀርባ ትገባለች።

«በወንድሟ ነው» አለች ደጊቱ። «አናግሪልኝ፣ ማሎ፣ እባክሽ። አንዱን አጥቼ ይቺንም ልጣ?»

ጣቢታ እናትየዋን ውጭ አስቀምጣ በሩን ዘጋች። ሌሊሴ የሹራቧን እጅጌ ክር ትመዛለች። ጣቢታ አልቸኮለችም። ወንበሯን ጎኗ አስጠግታ እሷም ወደ መስኮቱ አየች።

«ሂን ሶዳቲን» አለቻት በተሰባበረ ኦሮምኛዋ። «አትፍሪ።»

ልጅቷ ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ።

«እኔ ነኝ።»

«ምኑ?»

«ኢቲቻን ያስያዝኩት እኔ ነኝ።» ክሩን ጣቷ ላይ ጠምጥማ ጎተተችው፤ ጣቷ ቀላ። «ለራቢአ ነገርኳት። አንድ ዴስክ ነው የምንቀመጠው። ‹ወንድምሽ ተይዞ ይሆን› ስትለኝ ‹አይ፣ ተጂ አጎቴ ጋ ነው› አልኳት። አባቷ ሚሊሻ ነው። ረስቼው ነበር። እውነት ረስቼው ነበር!»

ጣቢታ አቀፈቻት።

«ለእማዬ እንዳትነግሪያት። ካወቀች ትሞታለች። እትዬ ማሪቱን ሲሰድቧት እሰማለሁ፣ ግን መናገር አልቻልኩም። ማይልኝ።»

«ማልኩልሽ» አለች ጣቢታ።

በሩን ስትከፍት ደጊቱ ተነስታ ቆማ ነበር። «ምን አለችሽ?»

«ፈርታለች። ከእርስዎ ጋር ትደር፤ ብቻዋን አይተዋት።»

ደጊቱ የጣቢታን ዓይን ፈለገች። ጣቢታ መሬት መሬት አየች።

ከዚያ በኋላ ጣቢታ ራሷም መተኛት ተሳናት። የልጅቷን ምስጢር ካወጣች ልጅቷ ትሰበራለች። ካላወጣች ደግሞ በማሪቱ ቤት ላይ ዛሬ ድንጋይ የጣለ ነገ እሳት ይጥላል። ሰው ስትመክር የኖረችበት አንደበቷ ለራሷ አልሠራ አለ። ኮሽ ባለ ቁጥር ትነሳለች፤ ተነስታም በሩን ለመክፈት አትደፍርም።

የተጠራችው በዚህ መሃል ነው። አንድ ፖሊስ ክሊኒኩ መጥቶ «ለትንሽ ጥያቄ» አላት። ጣቢያው ድረስ ከኋላው ስትከተል መንገድ ላይ የሚያያት ሰው እንዳይኖር ጸለየች፤ ሁሉም ሰው ያያት መሰላት።

የተቀበላት ሰው የደንብ ልብስ አልለበሰም። ወጣት ነው፤ ድምፁ ለስላሳ።

«ሻይ ይምጣልሽ?»

«አመሰግናለሁ፣ ይቅርብኝ።»

«እህትሽ ተሻላት? ሆሳዕና ናት አይደል?»

ጣቢታ ስለ እህቷ ለማንም ፖሊስ ተናግራ አታውቅም።

«እዚያ ኦቦ ጎበና ግቢ ረቡዕ ረቡዕ ምን ታደርጋላችሁ?»

«ሴቶች ያወራሉ። ስለ ሕመማቸው።»

«ስለ ፖለቲካስ?»

«እንቅልፍ ያጣ ሰው የሚያወራው ስለ እንቅልፉ ነው።»

ሰውየው ፈገግ አለ። እስክሪብቶውን ጠረጴዛው ላይ ያንከባልላል፤ ጫፍ ሲደርስ ይመልሰዋል።

«የደጊቱ ልጅ እኛ ጋ ነው። ተጂ የከረመው ማን ጋ ነው?»

ጣቢታ የሰማችውን አላመነችም። እየፈተነኝ ነው ብላ አሰበች። ሰውየው ወደ ፊት ዘንበል አለ።

«ልጁ አፉን ዘግቷል። ያሳደሩትን ሰዎች እንፈልጋለን። እናቱ እዚያ ቤት ስታለቅስ የሆነ ስም ሳትጠራ አትቀርም። አንቺ ደግሞ ሰምተሻል።»

በፍርሃቷ መሃል አንድ ነገር ብልጭ አለላት። አያውቁም። የአጎቱን ቤት አያውቁትም። ማሪቱ ነግራቸው ቢሆን፣ ወይም የራቢአ አባት ሰምቶ ቢሆን፣ ቀጥታ ወደ ደጊቱ ወንድም ቤት በሄዱ ነበር። ልጁን ሌላ ቦታ፣ በሌላ ምክንያት ነው ያገኙት።

«እኔ ነርስ ነኝ» አለች። «ታማሚ የነገረኝን ለማንም አልናገርም። ለእርስዎ ብናገር ነገ ስለ እርስዎም ለሌላ እናገራለሁ።»

ሰውየው እስክሪብቶውን ኪሱ ከተተው።

«አስቢበት። ሐሙስ ሐሙስ ብቅ እያልሽ ብታወሪን ለማኅበራችሁም ጥሩ ነው። ያለ ፈቃድ መሰብሰብ ክልክል መሆኑን ታውቂያለሽ መቼም።»

ስትወጣ ከጣቢያው አጥር ጥግ ያለ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ይህን ነገር ለሴቶቹ ብትነግር ማሪቱ ነጻ ትወጣለች። ግን «ከየት ሰማሽ?» ይሏታል። ከጣቢያ ብላ እንዴት ትመልሳለች? ጣቢያ ገብቶ በእግሩ የወጣ ሰው በዚያ ሰሞን የሚታየው እንደ ጆሮ ጠቢ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሌሊሴ ጋ ሄደች። እናትየዋ ውሃ ልትቀዳ ወጥታለች። «ስሚኝ» አለቻት። «አጎትሽ ቤት አልደረሱም። ስሙንም አያውቁም። ራቢአም አልነገረች፣ ያንቺም ጥፋት አይደለም።» ልጅቷ ዓይኗን አፍጥጣ አየቻት። ማመን አለማመኗ ከፊቷ አይታወቅም ነበር። ብቻ ጣቢታ ልትወጣ ስትል «እርቦኛል» አለች።

ረቡዕ ሴቶቹን ቤት ለቤት ዞራ ለመነቻቸው። የመጡት በሩን ክፍት አድርገው፣ ለመውጣት እንደተዘጋጀ ሰው ጫፍ ጫፉ ላይ ተቀመጡ። ማሪቱ አልመጣችም። ደጊቱ ቆማ ነው የሰማችው። ጣቢታ የሆነውን ሁሉ፣ ከሌሊሴ ነገር በቀር፣ ነገረቻቸው። ስለ ሐሙሱ ጥያቄም አልደበቀችም።

ከውጭ የሚያልፍ መኪና ድምፅ ተሰማ፤ ሁሉም እስኪያልፍ ትንፋሻቸውን ያዙ።

«ጣቢያ ሄደሽ ነበር» አለች አንዷ፣ ሌላውን እንዳልሰማች።

«ጠሩኝ፤ ሄድኩ።»

«ለቀቁሽም።»

«ለቀቁኝ።»

ደጊቱ ቀረበች። «ማሪቱ ካልሆነች ማን ነው?»

«ማንም ላይሆን ይችላል።»

«አንቺ የምታውቂው ነገር አለ። ልጄን ካናገርሽ ወዲህ ዓይኔን አታዪም።»

ጣቢታ በዚያች ሰዓት የፈራችውን ያህል ጣቢያ ውስጥ አልፈራችም። አንድ ቃል ብትናገር ጥርጣሬው ከራሷ ላይ ይወርድላታል፤ ቃሉ ደግሞ የዚችው ሴት ልጅ ናት።

«የሚነግሩኝን ሁሉ ለሌላ የምናገር ቢሆን፣ የእርስዎንም እናገር ነበር» አለች። «ከዚህ በላይ አይጠይቁኝ።»

ደጊቱ ነጠላዋን አስተካክላ ወጣች። ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።

በሳምንቱ ኦቦ ጎበና መጡ። ሽማግሌ ናቸው፤ ሲያፍሩ ከዘራቸውን ያያሉ። «ልጄ፣ ቤቱን ልቀቂልኝ» አሏት። «እኔ ምንም ብሆን ዕድሜዬ ነው። የልጅ ልጆች አሉኝ።» ጣቢታ አልተከራከረችም። ወንበሮቹን የሚወስድ አልተገኘም፤ ጥቁር ሰሌዳውን ብቻ በጀርባዋ አዝላ ቤቷ አስገባች። ማሪቱና ተሾመም ዕቃቸውን ጭነው የማሪቱ ወንድም ወዳለበት ሱሉልታ ሄዱ። ጎረቤት ሲጫን እያየ አልወጣም። ጣቢታ ብቻ የልጆቹን ፍራሽ አነሳችላቸው።

ሆኖም ሥራው በአንድ ጊዜ አልሞተም። ያቺ ከወለደች ወዲህ ሕፃኗን የፈራችው ሴት አንድ ቀን ገበያ መሃል ከጣቢታ ጎን ለጎን እየሄደች፣ ሳታያት፣ «ትናንት ማታ አቀፍኩት» አለቻት። ሁለት ሰው አብሮ ሲሄድ ስብሰባ አይባልም። ከዚያ በኋላ ጣቢታ ከእያንዳንዷ ጋር ወፍጮ ቤት፣ ወንዝ፣ ለቅሶ ቤት መመላለስ ያዘች። ሌሊሴም ትምህርቷን ቀጠለች። ከጣቢታ ቤት በስተጀርባ ጥቁር ሰሌዳው ላይ ሒሳብ ትሠራለች፤ ስትሳሳት የሚያርማት የለም፤ ጣቢታ ሒሳብ አትችልም።

ገና ሲቃረብ ኢቲቻ ተፈታ። ታሳሪዎች ከሚላኩበት የተሃድሶ ሥልጠና ነው የመጣው፤ ፀጉሩ ተላጭቷል፣ ሲቀመጥ ጀርባውን ለግድግዳ ይሰጣል። እናቱ ሦስት ጊዜ አጉርሳው ጥያቄዋን አመጣች። ጣቢታ ልታየው መጥታ እዚያው ነበረች፣ ሌሊሴም በሩ አጠገብ።

«ማን ነገራቸው?»

«ምኑን?»

«ተጂ መሆንህን።»

ኢቲቻ ግራ ገባው። «ማንም። አጎቴ ሰፈር መብራት አልነበረም። ስልኬን ቻርጅ ላደርግ ከተማ ወጣሁ። መናኸሪያው ጋ የሁሉንም ሰው ስልክ እያስከፈቱ ያያሉ። እንደ ተቃዋሚዎቹ ክንዴን ከራሴ በላይ አጣምሬ የተነሳሁት ፎቶ ነበር። በቃ።»

«በቃ?»

«በቃ፣ እማ። ስሜን እንኳ የጠየቁኝ መኪና ላይ ከጫኑኝ በኋላ ነው።»

ሌሊሴ ድንገት ጮክ ብላ ማልቀስ ጀመረች። ወንድሟ በድንጋጤ ዘሎ ተነሳ። ደጊቱ ልጇን አየች፣ ጣቢታን አየች፣ እንደገና ልጇን አየች። የሆነ ነገር ገባት። ጣቢታ ዘንድ ሄዳ የጣቢታን እጅ ይዛ የራሷ ግንባር ላይ አደረገችው።

ከጥምቀት በፊት ሦስቱ ሴቶች፣ ደጊቱ፣ ሌሊሴና ጣቢታ፣ አዲስ አበባን አቋርጠው ሱሉልታ ሄዱ። የማሪቱ ወንድም ቤት በር ሲንኳኳ ከውስጥ ድምፅ ጠፋ። ቆይቶ «ማነው?» የሚል ቀጭን ድምፅ መጣ።

«ጣቢታ ነኝ።»

በሩ ገርበብ አለ። ማሪቱ ከስታለች። ደጊቱን ስታይ አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አለች፤ እጇ በሩን ለመዝጋት እንደተዘጋጀ ቀረ።

«ልጄ ተፈታ» አለች ደጊቱ ቸኩላ። «ማንም አልነገረም። አንቺ አልነበርሽም። በከንቱ አቃጠልኩሽ፣ እህቴ።»

ማሪቱ ለማስገባት ጊዜ ወሰደባት። ከተቀመጡም በኋላ በሩ ላይ ዓይኗን አልነቀለችም።

«ታውቂያለሽ አዴ ደጊቱ፣ እኔ ራሴን ጠርጥሬ ነበር» አለች በመጨረሻ። «ለተሾመ ሳላውቀው አምልጦኝ ይሆን? ለደንበኛ አውርቼ ይሆን? በእንቅልፍ ልቤ? ሰው ሁሉ ነሽ ሲለኝ እኔም ነኝ ብዬ ነበር።»

«እኔም» አለች ሌሊሴ። እናቷ ዞራ አየቻት። «እኔም ነኝ ብዬ ነበር፣ እትዬ ማሪቱ። ለራቢአ ነግሬያት ነበር። አንቺን ሲሰድቡሽ ዝም አልኩ።»

የማሪቱ ፊት ላይ ንዴት መጣ፣ ቆየ፣ ሄደ። ከዚያ ክንዷን ዘርግታ አጠገቧ አስቀመጠቻት።

«ፈተናሽ መቼ ነው?»

«ሰኔ።»

«ክፍልፋይ ላይ እስካሁን ትሳሳቻለሽ?»

«እሳሳታለሁ።»

ሊሄዱ ሲነሱ ደጊቱ «ነይ፣ ተመለሺ። የሱቅሽን በር እኔ አጥቤዋለሁ» አለቻት። ማሪቱ አንገቷን ነቀነቀች። «አልችልም። ሰው እያየሁ አውቀዋለሁ፣ እሱም ያውቀኛል፣ ግን የሚያስበውን አላውቅም። እፈራለሁ። ልጅቷን ግን ቅዳሜ ቅዳሜ ላኪያት፤ አሳፍሪያትና እኔ መናኸሪያ እጠብቃታለሁ።»

ወደ አዲስ አበባ ሲመለሱ እንጦጦ ዳገት ላይ ወታደሮች ሚኒባሱን አስቆሙት። ሁሉም መታወቂያውን አወጣ። የሌሊሴ እጅ በእናቷ ጉያ ገባ። ወታደሩ የደጊቱን መታወቂያ ገልብጦ አየ፣ ፊቷን አየ።

«ከሰበታ ድረስ እዚህ ምን ትሠሪያለሽ?»

ደጊቱ ቀና ብላ መለሰች።

«እህቴን ልጠይቅ መጥቼ ነው።»

ወታደሩ መታወቂያውን መለሰላት።